ዘመን የሚጠይቀውን ሥራ በበጀት ዓመት አትለኩት

ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥራ አመራር ቦርድ
ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ ግቢዎች ስለሚገኙ የረጅም ዘመን የምርምር መዛግብትና ስለ ጠባቂዎቻቸው

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላትና የዩኒቨርሲቲው አመራር፣

በመሐል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ያገኘሁት ከእናንተው ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህን ደብዳቤ በታሸገ ፖስታ ለመዝገብ ቤት ከማስገባት ይልቅ በግልጽ መጻፍ የመረጥኩት፣ የማነሣው ጉዳይ በግቢው አጥር ውስጥ ተወስኖ ሊቀር የሚገባው ስላልመሰለኝ ነው፤ በሁለቱ ግቢዎች ተጠብቆ የሚገኘውን ነገር ዩኒቨርሲቲው የያዘው በአደራ ነውና።

ዩኒቨርሲቲው በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት በሀገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ስለ ውስጥ ገቢ፣ ስለ ተማሪ ክፍያ፣ ስለ ተወዳዳሪነትና በዓለም የዩኒቨርሲቲዎች ሰንጠረዥ ላይ ስለሚያዘው ቦታ ብዙ ሲነገር እንሰማለን። ራስ ገዝነቱን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ ዩኒቨርሲቲ ራሱን በራሱ ማስተዳደሩ ቀድሞም ሊሆን ይገባው የነበረ ነገር ነው። ስጋቴ፣ አንድ ተቋም ገቢውንና ወጪውን ራሱ ማመዛዘን ሲጀምር መጀመሪያ የሚገፋው ሥራ ውጤቱ በሰኔ መጨረሻ ሪፖርት ላይ የማይታየው ሥራ መሆኑ ነው። በእናንተ የሳይንስና የሰብአዊ ጥናት ክፍሎች ደግሞ እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ነው፤ አብዛኛውም በሀገር ውስጥ ምትክ የለውም። የምጠይቃችሁ ነገር ሁሉ ይህንኑ ሥራና ሥራውን የያዙትን ሰዎች የሚመለከት ነው።

ከመሬት መንቀጥቀጡ ልጀምር፤ እሱን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋልና። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ተከታታይ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ ነቃ፤ በአፋርና በኦሮሚያ በኩል ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። የዚያን ሰሞን በየታክሲው፣ በየቢሮውና በየመማሪያ ክፍሉ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር፦ ምን እየሆነ ነው፣ ከዚህ የባሰስ ይመጣል ወይ? መልስ እንዲሰጡ ወደ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጋበዙ ከነበሩት ባለሙያዎች መካከል የእናንተ የጂኦፊዚክስ፣ ሕዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ተቋም ተመራማሪዎች ዋነኞቹ ነበሩ። እነሱ ያን ያህል በእርጋታ ማስረዳት የቻሉት የዚያን ሳምንት መንቀጥቀጥ ስለለኩ ብቻ አይመስለኝም። አንድ መንቀጥቀጥ ለብቻው ሲታይ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ትርጉም የሚያገኘው ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ለማነጻጸር ደግሞ ቀድሞ የመዘገበ ሰው መኖር አለበት።

ያ ምዝገባ የተጀመረው አራት ኪሎ ነው። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይመሩ ከነበሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን ካህናት ወገን የሆኑት አባ ፒየር ጉዌን፣ በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በሳይንስ ግቢው ውስጥ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያውን አቋቋሙ። ቦታው አለ ምክንያት አልተመረጠም። የመግነጢስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚተኛበት መስመር፣ የመግነጢስ ወገብ የሚባለው፣ ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ በዚህ ስፍራ ቀን ከሌት የሚለካ ጣቢያ መኖሩ ለመላው ዓለም ሳይንስ ይጠቅም ነበር። መግነጢስን ለመለካት የተቋቋመው ጣቢያ ብዙም ሳይቆይ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝጋቢም ሆነ። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈራርስ፣ በሀገር ውስጥ ነገሩን በሳይንስ መንገድ ሊከታተል የሚችል ተቋም ነበረ ማለት ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር በዳባሁ አካባቢ ቅልጥ ዐለት ከሥር ገብቶ መሬቱን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሰነጠቀው፤ ስንጥቁ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። የዩኒቨርሲቲያችሁ የሥነ ምድር ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ያጠኑት ይህ ክስተት ዛሬ በዓለም ዙሪያ አህጉር እንዴት እንደሚሰነጠቅ ሲነገር የሚጠቀስ ነው። በ2017 ዓ.ም. ስለ ፈንታሌ «ቅልጥ ዐለት ወደ ስንጥቁ እየገባ ነው» የሚለውን ማብራሪያ ስንሰማ፣ ከዚያ አረፍተ ነገር ጀርባ የዳባሁ ልምድ ነበረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሬ መናገር እወዳለሁ፤ ሁለቱን ግቢዎች በአንድ ደብዳቤ ያነሣሁበትን ምክንያትም ይገልጽልኛል። አባ ጉዌን በ1971 ዓ.ም. የታተመውን የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሲያዘጋጁ፣ መሣሪያ ስላልነበረበት ዘመን ምንጭ የሆኗቸው ዜና መዋዕሎች፣ የተጓዦች ማስታወሻዎችና የሚስዮናውያን ደብዳቤዎች ነበሩ። በ1835 ዓ.ም.፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ አንኮበርን የመታው መንቀጥቀጥ የሚታወቀው ከጽሑፍ ነው። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. ከላንጋኖ አካባቢ ተነሥቶ፣ ገና ሃያ ዓመት ገደማ የሆናትን አዲስ አበባን ያናወጠው ትልቁ መንቀጥቀጥም ቢሆን በከተማችን ያደረሰውን ስሜት የምናውቀው በዚያን ጊዜ እዚህ የነበሩ ሰዎች ጽፈው ስላስቀመጡት ነው። ዛሬ አንድ መሐንዲስ ለአዲስ ፎቅ የሚጠቀምበት የመንቀጥቀጥ ስሌት ወደ ኋላ እየተመዘዘ ቢሄድ፣ መጨረሻው የአንድ ጸሐፊ ብራና ወይም የአንድ መንገደኛ ማስታወሻ ሊሆን ይችላል። ከተማችን ወደ ላይ እያደገች ባለችበት በዚህ ጊዜ የብራና አንባቢው ሥራ ከኮንክሪት ጋር ግንኙነት የለውም የሚል ሰው ቢኖር ነገሩን በደንብ አልተመለከተውም።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ስናነብ የምናገኛቸው ስሞች የፕሮፌሰሮች ናቸው። በመሐል ግን ስማቸው በየትኛውም ሽፋን ላይ ያልወጣ ሰዎች አሉ፤ የመመዝገቢያውን ወረቀት በየቀኑ የቀየረው፣ የመሣሪያውን ሰዓት ከዓለም ሰዓት ጋር ያስተካከለው፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪውን ያየው፣ ተራራ ላይ ወዳለ ጣቢያ ወጥቶ ገመዱን የጠገነው ቴክኒሻን። አንድ መዝገብ በመሐሉ ክፍተት ካለበት ያ ክፍተት በኋላ በምንም ገንዘብ አይሞላም፤ መሬት ያለፈውን ዓመት መንቀጥቀጥ ደግማ አታሳየንም። ስለዚህ የአንድ ቴክኒሻን ጡረታ መውጣትና ምትክ አለመቀጠሩ በሰው ሀብት ክፍል ዘንድ አንድ ክፍት የሥራ መደብ ብቻ ሆኖ ሊታይ ቢችልም፣ በመዝገቡ ላይ ግን ለዘለዓለም የሚቀር ነጭ ገጽ ነው።

በዚያው በአራት ኪሎ ግቢ ውስጥ የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች የሚጠበቁበት ብሔራዊው ሄርባሪየም አለ። በአጥሩ ሥር በየዕለቱ ከሚያልፉት ሰዎች፣ በኮሪደር ልማቱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ካገኘን ወዲህ ቁጥራችን በርክቷል፣ ስንቶቻችን መኖሩን እንደምናውቅ እጠራጠራለሁ። የሥራው ሂደት ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሰብሳቢው ከአበባው፣ ከፍሬውና ከቅጠሉ ጋር የቆረጠውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ ወረቀት መሐል አድርጎ በሰሌዳ ይጫነዋል፤ ሲደርቅ በጠንካራ ወረቀት ላይ ይሰፋል ወይም ይለጠፋል፤ በታችኛው ጥግ የተገኘበት ቦታ፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስምና በአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም ይጻፋል። ከዚያ ተባይ እንዳይበላው እየተጠበቀ በየዕፅዋት ቤተሰቡ ተመድቦ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የሆነ ቦታ በሄርባሪየሙ መደርደሪያ ላይ ደን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህ ክፍል በ1951 ዓ.ም. ገደማ ከመቋቋሙ በፊት የኢትዮጵያን ዕፅዋት በወጉ ለማጥናት የፈለገ ሰው ወደ አውሮፓ መሄድ ነበረበት፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በትግራይ ለብዙ ዓመታት የኖረው ጀርመናዊው ሺምፐር የሰበሰባቸውን ጨምሮ፣ ከሀገራችን የተወሰዱት ናሙናዎች የሚገኙት እዚያ ነበርና።

ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የኢትዮጵያን ዕፅዋት ሁሉ መዝግቦ ለማሳተም የታቀደው ሥራ በ1972 ዓ.ም. ተጀመረ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ኢንጋና ኦሎቭ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው፣ ፕሮፌሰር እንሰርሙ ቀልቤሳና ሌሎች ብዙዎች በየተራቸው ተሸከሙት። እዚህ ላይ የቦርዱ አባላት አንድ ነገር እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ። ከዚህ ሥራ የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው ከተጀመረ 9 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፤ እሱም ቅጽ 1 ሳይሆን ቅጽ 3 ነበር። ሥራው ተጠቃሎ በ8 ቅጾችና በ10 መጻሕፍት ሲወጣ ወደ 30 ዓመት ተጠግቶ ነበር። ሲጀመር በሽፋኑ ላይ የነበረው የሀገር ስም አንድ ነበር፤ በመሐሉ መንግሥት ተለወጠ፣ ኤርትራ ተለየች፣ የመጽሐፉም ስም የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ሆነ፤ ቅጠል ቆጣሪዎቹ ግን ቆጠራቸውን አላቋረጡም። 6,000 ገደማ የሚሆኑት ዝርያዎች፣ ከእነዚህም ከአሥሩ አንዱ ያህል በሌላ ሀገር የማይገኙ መሆናቸው፣ ዛሬ ማንም በቀላሉ የሚጠቅሰው ዕውቀት ሆኗል። ፕሮፌሰር ሰብስቤ በ2011 ዓ.ም. የእንግሊዙ ሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባል ሆነው ሲመረጡ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ግን በሐቀኝነት እንነጋገርና፣ በ1977 ዓ.ም. ወይም በ1979 ዓ.ም. አንድ ገምጋሚ መጥቶ «በዚህ ዓመት ያሳተማችሁት ስንት ነው? ያስገባችሁት ገቢስ?» ብሎ ቢጠይቅና በመልሱ መሠረት በጀት ቢቆርጥ ኖሮ፣ ዛሬ ያ መጽሐፍ ይኖረን ነበር?

ከዕፅዋቱ ሳልወጣ ስለ እንዶድ ባጭሩ ላንሣ፤ ታሪኩ የታወቀ ስለሆነ አላረዝመውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1957 ዓ.ም. ገደማ በዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፤ ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ በሽታ ተሸካሚ ስለሆነ ከዚያች እይታ ረጅም ምርምር ተወለደ። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በ1982 ዓ.ም. ነው። ከወንዙ ዳር እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት ያህል ነው። ሽልማቱ እንኳ ምርምሩ የሚገባውን ድጋፍ በጊዜው ስለማግኘቱ ምስክር አይሆንም።

ወደ ስድስት ኪሎ እንውጣ። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ፣ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት፣ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያደራጁት ደግሞ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነበሩ። ጎብኚ የሚያውቀው የንጉሡን መኝታ ቤትና የመስቀሎቹን ስብስብ ነው። ተመራማሪ የሚያውቀው ቤተ መጻሕፍቱን ነው፤ ብራናዎቹን፣ የቆዩ ጋዜጦችን፣ በየሰው ቤት ተነብበው የሚጣሉትን በራሪ ጽሑፎች። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ሌላ ስብስብ ነው፤ በታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ የተጻፉትን፣ ብዙዎቹ በታይፕ የተመቱ፣ ጠርዛቸው የቢጫ ቀለም የያዘ ጥናቶች። የእነዚህ ጥናቶች የመጨረሻ ገጾች የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ናቸው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የተነጋገሩበት ቦታና ቀን፣ አንዳንዴም «የማስታወስ ችሎታቸው እጅግ ጥሩ ነው» የሚል የተማሪው ማስታወሻ። አንድ የሃያ ሁለት ወይም የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ወደ ትውልድ አውራጃው ተመልሶ፣ የማይጨውን ዘመቻ ያዩ አባቶችን፣ የገባርነትን ዘመን ያሳለፉ እናቶችን እየዞረ ጠየቀ። ተጠያቂዎቹ ዛሬ የሉም። የተናገሩት ነገር የሚገኘው በዚያ ቢጫ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ጥናቱ በደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ዋጋው ዜሮ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከብዙ የኮንፈረንስ ጽሑፍ ይበልጣል።

የቋንቋና የሥነ ልሳን ክፍሎቹም ሥራ ከዚህ አይለይም። በኢትዮጵያ ከ80 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ከነዚህ መካከል እንደ ወይጦ ወንዝ ዳሩ ኦንጎታ ያሉት ተናጋሪዎቻቸው በጣት ወደሚቆጠሩ ሽማግሌዎች ወርደዋል። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ እንዲህ ያለ ቋንቋ ወደሚነገርበት ቦታ ሄዶ ድምፅ ሲቀዳ፣ የግሡን እርባታ ሲመዘግብ፣ ተረቱን ጽፎ ሲተረጉም፣ የሚያመጣው ነገር እሱ ከተመረቀ በኋላ ምን ይሆናል? ጽሑፉ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። የድምፅ ቅጂው ግን በአብዛኛው የተማሪው ነው፤ በካሴት ዘመን በየሰው ቤት መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል፣ ዛሬ ደግሞ አንድ ቀን በሚበላሽ ፍላሽ ላይ ነው። ቴፕ በሙቀትና በአቧራ ይሞታል፤ ማጫወቻውም ከገበያ ጠፍቷል። በሌላ በኩል በሄርባሪየሙ ናሙናዎች ላይ የተጻፉት የአካባቢ ስሞች በየቋንቋው ያሉ የዕፅዋት ስሞች ሰነድ ናቸው፤ የቋንቋ ሰዎቹ እነሱን ለማየት ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ መውረድ ብቻ ይበቃቸዋል። ይህን መንገድ የሄደ ካለ ደስ ይለኛል፤ መንገዱ ግን በግለሰቦች ትውውቅ ላይ ብቻ መቆም የለበትም።

በነገራችን ላይ፣ ሳይንስና ሰብአዊ ጥናት እዚህ ሀገር የሚራራቁ መስኮች ናቸው ለሚል ሰው የምጠቅስለት አንድ ሰው አለ። ዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ፣ ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን፣ የሰው ዘር ጥንታዊ ዘመድ የሆነውን የአርዲፒቴከስ ካዳባን ቅሪት በመካከለኛው አዋሽ ያገኙት፣ በእናንተው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት በታሪክ ነው። የታሪክ ተማሪው በሁለቱ ግቢዎች መካከል፣ አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ሠርተው ወደ ቅሪተ አካል ጥናት ተሻገሩ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የመምህራን የደረጃ እድገት በዋናነት የሚለካው በታወቁ መጽሔቶች ላይ በወጣ ጽሑፍ ነው። ይህን መለኪያ ሙሉ በሙሉ ጣሉት አልልም፤ መለኪያ ከሌለ ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ወጣት የዕፅዋት ተመራማሪ ሁለት ዓመት ፈጅቶ 500 ናሙና በትክክል ለይቶ ቢመዘግብ፣ ወይም አንድ የፊሎሎጂ (የጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት) መምህር የብራና ስብስብ ዝርዝር ቢያዘጋጅ፣ ወይም አንድ የሥነ ልሳን ሰው የቀዳውን ድምፅ ከነትርጉሙ አደራጅቶ ለሌሎች ክፍት ቢያደርግ፣ ይህ በደረጃ እድገቱ ውስጥ እንደ ታተመ ሥራ እንዲቆጠር ደንባችሁ በግልጽ ይናገር። በተገቢ ባለሙያዎች ይገምገም፤ ደካማው ይውደቅ፤ ጥሩው ግን ነጥብ ያግኝ። አለበለዚያ ለልጆቻችን የምንነግራቸው፣ መዝገብ መጠበቅ ሥራቸውን ለሚወዱ ሞኞች የተተወ ነገር መሆኑን ነው።

ስለ ገቢም እንዲሁ። ሄርባሪየሙ ለኩባንያ ዕፅ ሲለይ፣ የጂኦፊዚክስ ተቋሙ ለትልቅ ግንባታ ሙያዊ ምክር ሲሰጥ፣ ሙዚየሙ ቱሪስት ሲያስጎበኝ ያስከፍል፤ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ስብስቡ የሚኖረው ባስገባው ልክ ነው ሲባል ነው። የውጭ ጎብኚ በቀረበት ዓመት ብራናው ያነሰ ጥበቃ አያስፈልገውም። ስለዚህ የጣቢያዎቹ፣ የሄርባሪየሙ፣ የሥነ እንስሳት ሙዚየሙ፣ የጥናትና ምርምር ተቋሙ ቤተ መጻሕፍትና የድምፅ ቅጂዎች የጥበቃ ወጪ ከገቢያቸው የተለየ፣ በየዓመቱ በስም የሚጠራ የበጀት ርእስ እንዲኖረው እጠይቃለሁ። ከውጭ የሚመጣ ፕሮጀክት መሣሪያ ሊገዛ ይችላል፤ ሦስት ወይም አምስት ዓመቱ ሲያልቅ ግን መሣሪያው ላይ የሚቆመውን ሰው ደመወዝ የሚከፍል የለም፤ ያን ሰው መቅጠር የባለቤቱ ሥራ ነው። ለቴክኒሻኖቹ፣ ለናሙና ጠባቂዎቹና ለካታሎግ ሠራተኞቹ ደግሞ እስከ ከፍተኛ ደረጃ የሚያደርስ የራሱ የእድገት መሰላል ይዘጋጅላቸው፤ አንጋፋው ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ተተኪው ቢያንስ አንድ ዓመት አብሮት ይሥራ። የእጅ ዕውቀት በርክክብ ቅጽ አይተላለፍም።

አንድ የቀረኝ የከተማውን ነዋሪ የሚመለከት ነው። ጥናቶቻችሁ የሚጻፉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለዓለም ሳይንስ ያ ግድ ሊሆን ይችላል። ሆኖም እያንዳንዱ የማስተርስና የዶክትሬት ጥናት ሁለት ገጽ ያህል የአማርኛ፣ ጥናቱ በተካሄደበት አካባቢ ደግሞ እንደ ሁኔታው የአፋን ኦሮሞ፣ የአፋርኛ፣ የትግርኛ ወይም የሌላ ቋንቋ ማጠቃለያ እንዲኖረው ማድረግ የሚከብድ አይመስለኝም። ለአንድ የጂኦግራፊ መምህር ያ ሁለት ገጽ የሚሰጠው ነገር ከመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፍ ይልቃል። በሕይወት ያሉ መረጃ ሰጪዎችም የተናገሩት ምን እንደ ሆነ ማንበብ ይገባቸዋል። መንቀጥቀጡ በነበረበት ሰሞን ክፍተቱን የሞላው ወሬ ነው፤ በቲክቶክ «ነገ ሌሊት አዲስ አበባ ትፈርሳለች» የሚል ሰው ከእናንተ ባለሙያ ይልቅ የበለጠ ተሰማ፤ ምክንያቱም እሱ በአማርኛ፣ በየሰዓቱ ይናገር ነበር። ተቋሙ በእንዲህ ያለ ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ የሚወጣ፣ ባለ አንድ ገጽ፣ ቀን የተጻፈበት መግለጫ በሀገር ቋንቋ ቢያወጣ፣ ጋዜጠኛውም መምህሩም የሚጠቅሰው ነገር ያገኛል። በሰላሙ ጊዜ ደግሞ ሄርባሪየሙና የጂኦፊዚክስ ጣቢያው በወር አንድ ቅዳሜ ለትምህርት ቤቶች በራቸውን ቢከፍቱ፣ አራት ኪሎና አካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶች በእግራቸው ይመጣሉ፤ አውቶቡስ እንኳ አያስፈልገንም። ተማሪዎቹን አሰልፈን የማምጣቱን ሥራ እኛ መምህራኑ እንወስዳለን።

የጠየቅኩት ሁሉ በአንድ ዓመት ይፈጸም አልልም። አሁን እየተዘጋጀ ያለ ወይም ወደፊት የሚዘጋጅ የዩኒቨርሲቲው ስትራቴጂክ ዕቅድ ሲኖር፣ ስብስቦቹና ጠባቂዎቻቸው በዕቅዱ ውስጥ በስማቸው ተጠቅሰው፣ የተመደበላቸው ገንዘብና የሰው ኃይል በግልጽ እንዲታይ፣ ይህም ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ከተቻለ ቦርዱ በሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባው ጉዳዩን በአጀንዳ ይያዘውና ምን እንደ ተወሰነ በዋናው ግቢ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን፤ ለማንበብ እንመጣለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በአዲስ አበባ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር

ግልባጭ፦
ለትምህርት ሚኒስቴር፣ አራት ኪሎ
ለዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ሳይንስ፣ የሰብአዊ ጥናትና የቋንቋ ክፍሎች
ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም